ይበቃል ከማለታችን በፊት



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ አምዳችን ወር በመጣ ቁጥር ከቤት ውስጥ ጉዳዮች አንዱን እያነሣን ስንመካከር ቆይተናል። በዛሬው ዝግጅታችን ይዘን የቀረብነው ሲያዩት እጅግ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ የክር ጉዳይ። አንድን ልብስ ለመሥራት ያዘጋጀነው ክር ይበቃል ወይስ አይበቃም? «ይህ ደግሞ ምን ያነጋግራል? ካነሰ ይጨመራል» የሚለን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን ክር በማነሱ ብቻ ሁለት ጎረቤታሞች ሰላምታ ተነፋፍገው ሲከርሙ አይተናልና ነገሩን ከዚያው እንጀምር።

ቦታው ውጫሌ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ የሚያልፍባት፣ የአምባሰል ወረዳ ከተማ። ከከተማዋ ከፍ ብሎ ያለው ደጋ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ለዚያ አገር ሰው ጋቢ ለጌጥ ብቻ የሚለበስ አይደለም፤ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ለፈጅር ሶላት ሲወጣ መከናነቢያ፣ ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ መደገፊያ ነው። ስለዚህ ልጅ ሲዳር፣ አባወራ ሲያረጅ፣ ወይም እንግዳ ሲከበር ጋቢ ይሠራል።

በዚያች ከተማ ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት እናት ለታላቅ ልጃቸው ጋቢ ሊያሠሩ ተነሡ። ጥጡን ራሳቸው ዳመጡ፣ በደጋን ነደፉ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈተሉ፣ ፈትሉንም እየጠቀለሉ ልቃቂት አደረጉት። ለድሩ የሚሆነውን የፋብሪካ ክር ከገበያ ገዙ። ዛሬ በብዙ ቦታ ሸማኔው ድሩን በፋብሪካ ክር፣ ማጉን በእጅ ፈትል እንደሚሠራ አንባቢያን ታውቃላችሁ። ልቃቂቱ 20 ሲሞላ ሰፌድ ላይ አድርገው ጎረቤታቸው ለሆኑት ሸማኔ አስረከቡ።

«ይበቃል?» አሉ እናት።

«ኢንሻአላህ ይበቃል» አሉ ሸማኔው።

ውሉ ይኸው ነበር። ሚዛን አልተያዘም፤ የተጻፈም ነገር የለም።

ጋቢው ተሠርቶ ሲመጣ አጠረ። ማጉ ከድሩ ቀድሞ አልቆ ነበርና ሸማኔው የተረፈውን ድር ቆርጠው ከጋቢው ጋር መለሱ። ልጁ ሲደርበው ከጉልበቱ በላይ ቀረ። እናት ተቆጡ። ባለፈው ዓመት ለባለቤታቸው ያሠሩት ጋቢ በዚያው በ20 ልቃቂት፣ በዚያው በእኚሁ ሸማኔ እጅ ሙሉ ሆኖ ወጥቶ ነበር። «ታዲያ የዘንድሮው ክር የት ገባ?» አሉ። ሸማኔው ማሉ፤ መሐላቸው አልተሰማም። ወሬው ከአንዱ ቡና ወደ ሌላው ቡና ዞረ። ሁለቱ ቤቶች ደጃፍ ለደጃፍ ሆነው ሰላምታ ተቋረጡ። ሸማኔው ሥራ የሚያመጣላቸው ሰው እየቀነሰ ሄደ።

ረመዳን ሲቃረብ የሰፈሩ ሸህ ሁለቱንም ወገን አስጠሩ። «ጾሙን ተቋርጠን አንቀበልም» አሉና ያለፈው ዓመትና የዘንድሮው ጋቢ ታጥበው፣ ደርቀው እንዲመጡ አዘዙ። ከዚያም እህል የሚሸጥ ጎረቤት ሚዛኑን ይዞ እንዲመጣ ተደረገ። የአምናው ጋቢ ተመዘነ፤ የዘንድሮው ተመዘነ። ልዩነታቸው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። አጭሩ ጋቢ ከረጅሙ ጋቢ እኩል ከበደ።

የተሰበሰበው ሰው ዝም አለ። ሸሁ የሁለቱንም ጋቢ ጫፍ በጣታቸው መካከል አሽተው ለእናት ሰጡ። የአምናው ማግ ቀጭን ነው፤ የዘንድሮው ወፍራም። የጥጡ መጠን ያው ሆኖ ፈትሉ ሲወፍር ርዝመቱ ያጥራል፤ ርዝመቱ ካጠረ ደግሞ የሚሸፍነው ስፋት ያንሳል። ከክሩ የጠፋ ነገር አልነበረም።

«ምነው ፈትልዎ ወፈረ?» ብለው ጠየቁ ሸሁ።

እናት አልመለሱም። የመለሰችው አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ናት። «ከመስከረም ወዲህ መርፌ የምሰካላቸው እኔ ነኝ» አለች። የእናት ዓይን ደክሟል። እጃቸው እንደ ዱሮው እየፈተለ መስሏቸው ነበር እንጂ፣ ፈትሉ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት ሲወፍር አላዩትም።

እናት ወደ ሸማኔው ዞረው «አፉ በሉኝ» አሉ። ሸማኔው ግን «እኔንም አፉ በሉኝ፤ ክሩን ገና በእጄ ስይዘው መወፈሩን አውቄ ነበር፤ አንቱን ላለማስከፋት ይበቃል ብዬ ዝም አልኩ» ሲሉ መለሱ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህንን ታሪክ ያመጣነው ለጨዋታ አይደለም። በዚህ ውስጥ ሦስት ጥፋት አለ፤ ሦስቱም በየቤታችን ይገኛል። የመጀመሪያው ሳይመዝኑ መቁጠር ነው። ልቃቂት ቁጥር ነው እንጂ መጠን አይደለም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም ይሆናል። ሁለተኛው የሚያውቅ ሰው ማወቁን ሳይናገር መቅረቱ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ማስረጃ ሳይያዝ የወንድምን ስም ማጥፋት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 12 ላይ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል፤ ከጥርጣሬው ከፊሉ ኃጢአት መሆኑንም ነግሮናል።

ጥርጣሬው በሸማኔ ላይ ሲሆን የሚፈጥንበትም ምክንያት አለ። በሀገራችን የእጅ ሥራ ለብዙ ዘመን ሲናቅ የኖረ ነው። እንደ ጎንደር ባሉ የሰሜን ከተሞች ሙስሊሞች የርስት መሬት ስላልነበራቸው በንግድና በሽመና ይተዳደሩ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። የሠሩትን ልብስ ሁሉም ይለብሰው ነበር፤ ሠሪው ግን ይሰደብ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ግን የሰውን ልብ አይቆልፍም። «ሸማኔ ክር ይሰርቃል» የሚለው ወሬ ዛሬም በየቡናው ይሰማል። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ቀድሞ እኛው የተሰደብንበትን ስድብ እርስ በርሳችን ስንወራወረው ከማየት የበለጠ የሚያሳፍር ነገር የለም።

«ይበቃል» ስለሚለው ቃልም ጥቂት እንበል። እናት «ይበቃል?» ሲሉ ከጉልበት በታች የሚወርድ ጋቢ አስበዋል፤ ሸማኔው «ይበቃል» ሲሉ ጋቢ የሚባል ነገር ይወጣዋል ማለታቸው ነው። ቃሉ አንድ፣ ሐሳቡ ሁለት። ውጫሌ ደግሞ በዚህ ረገድ ዓለም የሚያውቃት ቦታ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በጣልያን መካከል የተፈረመው የውጫሌ ውል በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ነበር። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለምታደርገው ግንኙነት በጣልያን በኩል መላክ እንደምትችል ሲናገር፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በቃሉ ልዩነት የተጀመረው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ አደረሰ። የመንግሥታት ውል እንዲህ ከሆነ የጎረቤታሞች ውል ምን ይደንቃል? በትልቁም ሆነ በትንሹ ውል ሁለቱ ወገኖች አንድ ነገር መስማማታቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የዲናችን ትምህርትም ይኸው ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሱረቱል በቀራህ ቁጥር 282 ሲሆን፣ የሚናገረውም በጊዜ የሚከፈልን ዕዳ ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ነው። ትንሽም ቢሆን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች ያስታውሰናል። የክር ርክክብ በቃሉ ዕዳ ባይሆንም አማና ነውና ከዚያ ትምህርት ልንወስድ ይገባናል። በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ይህን ያህል ኪሎ ማግ፣ ይህን ያህል ኪሎ ድር፣ የጋቢው ቁመት ይህን ያህል ክንድ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ያ ሁሉ ኩርፊያ ባልመጣ ነበር።

እስካሁን ያወራነው ስለ ጋቢ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በየቤቱ ጋቢ ከሚያሠሩት እናቶች ይልቅ በመርፌና በኪሮሽ ሹራብ፣ ኮፍያና ሻርፕ የሚሠሩ ወጣት እህቶቻችን ይበዛሉ። እነርሱንም የሚገጥማቸው ችግር ያው ነው። የትንሽ ወንድሟን ሹራብ ለዒድ ልታደርስ የጀመረች እህት ጀርባውን፣ ደረቱን፣ አንዱን እጅጌ ትጨርስና ሁለተኛው እጅጌ ላይ ክሩ ያልቃል። ወደ ሱቅ ስትሮጥ ያ ቀለም አልቋል፤ ወይም ቀለሙ ያው መስሎ ከቤት ስታደርሰው ደመቅ ብሎ ይገኛል። ሹራቡ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ልጁም ያድጋል። «መጥኖ መደቆስ» የሚለው የአባቶች ብሂል ለወጥ ብቻ የተነገረ አይደለም። ስለዚህ ከመጀመር በፊት የሚደረገውን አንድ በአንድ እናሳያለን።

በመጀመሪያ የክሩን ወረቀት ማንበብ ነው። በጥቅሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ክብደቱን በግራም፣ ርዝመቱን በሜትር ይናገራል። ብዙዎቻችን ግራሙን ብቻ አይተን እንገዛለን። የእናታችን ጋቢ ያስተማረን ግን ክብደት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። 100 ግራም ቀጭን ክር 400 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ 100 ግራም ወፍራም ክር ደግሞ 100 ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጓደኛችን «እኔ በአራት ጥቅል ጨረስኩ» ብትለን ክሯ ከእኛ ክር ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ሳናይ አራት ጥቅል ብለን አንግዛ። በዚያው ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የአነካከሩ ቁጥር ይገኛል። የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ የአነካከሩ ቁጥር ከተለያየ ክሮቹ በተለያየ ቀን የተነከሩ ናቸውና በቀን ብርሃን ሲታዩ ሊለያዩ ይችላሉ። ለአንድ ልብስ የሚሆነውን ክር በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ የአነካከር ቁጥር መግዛት የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ አንዱን ጥቅል እንደ መለኪያ መጠቀም ነው። ለዚህ ሚዛን አያስፈልግም፤ ሜትርና እርሳስ ይበቃል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሰባት ዓመት ልጅ ሹራብ ልንሠራ ነው እንበል። የጀርባው ወርድ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ስፋቱ 35 ሲባዛ በ40፣ 1,400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ደረቱም ያንኑ ያህል፣ 1,400። እጅጌው በአማካይ 24 ወርድና 30 ቁመት ቢኖረው አንዱ 720፣ ሁለቱ 1,440 ይሆናል። ሁሉም ሲደመር 4,240 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። አሁን ጀርባውን በአንድ ጥቅል እንጀምርና ጥቅሉ እስኪያልቅ እንሥራ። በ35 ሳንቲ ሜትር ወርድ 36 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላይ ቢያልቅ፣ አንድ ጥቅል 1,260 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው። 4,240 ለ1,260 ሲካፈል ሦስት ጥቅል ከሲሶ ትንሽ በለጥ ያለ ይወጣል። ለአንገቱ፣ ለመስፊያውና ለስሕተት ከመቶ 15 እጅ ስንጨምርበት አራት ጥቅል ይሞላል። እንግዲህ የምንገዛው አራት ነው፤ ሦስትም አይደለም፣ ስድስትም አይደለም።

ስሌት የሚከብዳት እህት ይህን ብቻ ትያዝ፤ ጀርባው የሹራቡ ሲሶ ነው። ደረቱ ሌላው ሲሶ፣ ሁለቱ እጅጌዎች ተደምረው የቀረው ሲሶ ያህል ናቸው። ጀርባው የፈጀውን ክር በሦስት አባዝታ ለአንገቱ ጥቂት ብትጨምርበት አትሳሳትም።

ሦስተኛ፣ የአሠራሩን ዓይነት መመልከት ነው። እንደ ሽሩባ የተጎነጎነ ንድፍ ከሜዳው አሠራር የበለጠ ክር ይበላል። ኪሮሽም ከሹራብ መርፌ ይልቅ ክር በብዛት ይወስዳል። ስለዚህ መለኪያ የምናደርገው ጥቅል የሚሠራው ልብሱ በሚሠራበት ንድፍና በዚያው መርፌ መሆን አለበት። እጅ ሲጠብቅና ሲላላም ልዩነት ያመጣል፤ በእህትማማቾች መካከል ተጀምሮ በሁለት እጅ የሚያልቅ ሹራብ የሚዛባው ከዚህ የተነሣ ነው።

አራተኛው ኮፍያ ለሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች ነው። ኮፍያ በኪሮሽ ከመሐል ተጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ነውና ዓይን ያታልላል። የላዩ ክብ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ስንደርስ «ግማሹን ጨረስን» እንላለን። የጨረስነው ግን ሩቡን ብቻ ነው፤ ክብ እየሰፋ በሄደ ቁጥር አንዱ ዙር ከፊተኛው የበለጠ ክር ይወስዳልና። የላዩ ክብ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅም ሥራው ገና ከሲሶ ትንሽ ነው ያለፈው፤ ወደ ታች የሚወርደው ጎኑ ቀሪውን ይበላል። ስለዚህ ላዩ ሲያልቅ ክራችን በግማሽ ከቀነሰ ክሩ እንደማይበቃን ያን ጊዜውኑ እንወቅ።

አምስተኛ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ክሩ ሲያጥር የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። የቀረውን ክር ሁለት አጥፈን መሐሉ ላይ የሚፈታ ቋጠሮ እንቋጥርበት። ከዚያ አንድ ረድፍ እንሥራ። ቋጠሮው ላይ ሳንደርስ ረድፉ ካለቀ የቀረው ክር ለሌላ አንድ ረድፍ ይበቃል። ቋጠሮው ቀድሞ ከመጣ ግን እዚያው ላይ እናቁም። በሜዳው አሠራር አንድ ረድፍ የልብሱን ወርድ ሦስት እጥፍ ያህል ክር እንደሚወስድም ማስታወስ ይጠቅማል። መዝጊያውን ደግሞ አንርሳ፤ እርሱም የራሱን ክር ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ክር ቢያንስስ? መላ አለው። ሁለት የተለያየ አነካከር ለመቀላቀል ከተገደድን አንዱ አልቆ ሌላው እስኪጀመር አንጠብቅ፤ ሁለት ረድፍ ከአንዱ፣ ሁለት ረድፍ ከሌላው እያፈራረቅን ብንሠራ ልዩነቱ ለዓይን አይጎላም። የወገቡንና የእጅጌውን ጫፍ፣ አንገቱንም በሌላ ቀለም መሥራት ይቻላል። ክሩ ጥርጣሬ ውስጥ የሚከተን ከሆነ እጅጌዎቹን አስቀድመን ሠርተን፣ ገላውን በቀረው ክር ቁመት መወሰን ብልኅነት ነው፤ አንድ እጅጌ የጎደለው ሹራብ አይለበስም፣ ሁለት ጣት ያጠረ ሹራብ ግን ይለበሳል። አቅም ለሚያጥረው ደግሞ የሰልባጅ ሹራብ ገዝቶ መተርተር አለ። የተተረተረው ክር በትልቁ ተጠቅልሎ፣ ታጥቦ፣ ጥቂት ክብደት ተንጠልጥሎበት ሲደርቅ ጥምዝማዙ ይለቃል። ሲገዛ ግን ስፌቱ ይታይ፤ በመቀስ ተቆርጦ የተሰፋ ሹራብ ሲተረተር ቁርጥራጭ ክር እንጂ ረጅም ክር አይሰጥም።

ስለ መተርተር ስናነሣ ሱረቱን ነሕል ቁጥር 92 ትዝ ይለናል። አላህ (ሱ.ወ.) ፈትሏን አጠንክራ ከፈተለች በኋላ መልሳ እንደበታተነችው ሴት እንዳንሆን መክሮናል። አንቀጹ የሚናገረው ቃል ኪዳንን ስለ ማፍረስ ነው። ፈትል ያየ ሰው ምሳሌው እንዴት እንደሚያም ያውቃል። እናም የሰው ክር ተቀብለን «ለዒድ አደርሳለሁ» ብለን፣ ሳንለካ ጀምረን፣ መሐል ላይ አፍርሰን የምንመልስ ከሆነ ያፈረስነው ክሩን ብቻ አይደለም።

በተለይ ለሰው በክፍያ የምትሠሩ እህቶች ይህን ልብ በሉ። ክሩ አማና ነው። ሱረቱን ኒሳእ ቁጥር 58 አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ ያዘናል። ስትቀበሉ በባለቤቱ ፊት መዝኑ፤ ጻፉ። ሥራውን ስታስረክቡ ልብሱንና የተረፈውን ክር በአንድነት መዝናችሁ አስረክቡ። የተረፈው አንድ ጭብጥ እንኳ ቢሆን የባለቤቱ ነው፤ «ውሰጂው» ካለች ሐላል ነው፣ ካላለች ግን ቁራጩም የእርሷ ነው። ክሩ እንደማይበቃ ካወቃችሁ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ተናገሩ። የውጫሌው ሸማኔ ከክሩ ምንም አልወሰዱም፤ ቢሆንም በአፍረት የዋጡት አንድ ቃል የዓመት እንጀራቸውን ሊያሳጣቸው ነበር።

ለባለ ሱቅ ወንድሞቻችንም አንድ ቃል አለን። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚጀምረው ለራሳቸው ሲሰፍሩ አሟልተው፣ ለሌላው ሲሰፍሩ አጉድለው የሚሰጡትን በማስጠንቀቅ ነው። ከጥቅል ላይ ክር ሳብ አድርጎ መልሶ ማሸግ፣ ሁለት አነካከር ቀላቅሎ እንደ አንድ መሸጥ ከዚህ የሚለይ አይደለም። በሸሪዓችን የመምረጥ መብት (ኺያር) የሚባል ነገር አለ፤ ገዢና ሻጭ ተስማምተው ዕቃው በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲመለስ ቃል ሊገቡ ይችላሉ። «አራት ጥቅል ውሰጂ፤ ያልተከፈተውን እስከ ሦስት ቀን መልሺ» የሚል ነጋዴ ደንበኛ ያፈራል፤ በረካም ይገባለታል።

በሌላ በኩል ደግሞ «እንዳያንሰኝ» ብሎ ከልክ በላይ መግዛትም መፍትሔ አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውኃ ዉዱእ ያደርጉ፣ በአንድ ሷዕ ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ተላልፎልናል። ሙድ የሁለት እጅ እፍኝ ሲሆን ሷዕ አራት ሙድ ነው። ውኃን ለዒባዳ ሲጠቀሙ እንኳ መጠን ነበራቸው። መለካት ከማነስ ብቻ ሳይሆን ከኢስራፍም ያድናል። ተርፎ ሳጥን ውስጥ ብል የሚበላው ክር ገንዘብ ነው፤ ለተወለደ ሕፃን ኮፍያ፣ ለየቲም ልጅ ሻርፕ ሊሆን ይችል የነበረ ገንዘብ።

ይህንን ስንል የእጅ ሥራ ምን ያህል የከበረ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ሐዲሥ እናስታውስ። ኢማሙ ቡኻሪ ከሰህል ኢብን ሰዕድ እንደዘገቡት፣ አንዲት ሴት በእጇ የሸመነችውን ባለ ጥለት ልብስ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አመጣች። እርሳቸውም ልብሱ ያስፈልጋቸው ነበርና ተቀብለው ለበሱት። አንድ ሰው አይቶ ለመናቸው፤ ሰጡት። ሰዎች ሲወቅሱት ልብሱን የጠየቀው ከፈኑ እንዲሆንለት መሆኑን ተናገረ። በኋላም ያው ልብስ ከፈኑ ሆነ። ያች ሴት በቤቷ ተቀምጣ የሸመነችው ልብስ የት እንደሚደርስ አላወቀችም። እኛም የምንሠራው ሹራብ ማንን እንደሚያሞቅ፣ የምናሠራው ጋቢ ስንት ፈጅር እንደሚሰገድበት አናውቅም። ስለዚህ በኒያ እንጀምር፣ ለክተን እንሥራ፣ የተረፈውን እንመልስ።

የውጫሌዋ እናት ዛሬም ይፈትላሉ። ለቀጭኑ ማግ ግን ልጃቸውን አስተምረዋል፤ እርሳቸው ለቡልኮ የሚሆነውን ወፍራሙን ይፈትላሉ። ፈትሉ ሲያልቅ ልጅቱ ጎረቤት ካለው እህል ሻጭ ዘንድ አስመዝና በደብተሯ ጽፋ ወደ እኚያው ሸማኔ ትወስዳለች። እርሳቸውም ልቃቂቱን በጣታቸው ያሹና የሚሉትን ይላሉ። በቂ ሲሆን ይበቃል፣ ካልበቃም «ሁለት ልቃቂት ጨምሪ ልጄ» ይሏታል። አጭሩ ጋቢ ደግሞ ለታናሽ ወንድሟ ሆኗል፤ ለእርሱ ልኩ ነው።

አላህ ከማጉደልም ከማባከንም ይጠብቀን፤ የጎረቤታሞችን ልብ ያስማማልን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ድረስ ሰላም ሁኑ።